የፊደል ቁጥር የማን ነው?

በወላይታ ከአረካ ወደ ሶዶ የሚላክ የመንግሥት ደብዳቤ ለብዙ ዓመታት በአማርኛ ሲጻፍ ቆይቷል፤ ተማሪው ግን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወላይታን ቋንቋ በላቲን ፊደል ይማራል። ላቲኑ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ ችግር አልነበረበትም። የግዕዙን ፊደል ግን ሰው መትከል ነበረበት። ቀድመው ከተከሉት መካከል እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ፣ ባለቤት ያላቸው ሶፍትዌሮች ይገኙበታል። የዚያን ጊዜ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ አማርኛ 33 ፊደላትን በሰባት ሰባት ሲያሰልፍ ብቻውን 231 ይደርሳል፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። እያንዳንዱ ድርጅት ይህን ጭንቅ በራሱ መላ ፈታው፤ የአንዱ «ሀ» በሌላው ቤት የላቲን ምልክት ሆነ፤ ደብዳቤውም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈት ነበር።

የሶፍትዌር ባለሙያው ዳንኤል ያዕቆብ የተከተለው መንገድ ሌላ ነው። ከይትና ፍርድይወቅ ጋር «ሰራ» የተባለውን፣ ፊደሉን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት አዘጋጅተው ማንም ፕሮግራመር እንዲጠቀምበት ደንቡን በይፋ አወጡ። ፊደላችን በ1999 (እ.ኤ.አ.) በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ መሥፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባም ለየፊደሉ የተሰጠው ቁጥር የማንም ንብረት አልሆነም። በእኔ ግምት ከማንኛውም ፕሮግራም የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው።

ነጋዴዎቹ ባይቀድሙ ኖሮ ቢሮዎች ባዶ ይቀሩ ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ድካማቸውም ዋጋ ይገባው ነበር። ዳንኤል ያቋቋመው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጃቸው የመጻፊያ ሰሌዳዎችም ቢሆኑ የሚሠሩት ኪይማን በተባለው ፕሮግራም ላይ ነው፤ ኪይማን ደግሞ ኮዱ እስከተከፈተበት እስከ 2017 ድረስ የግል ሶፍትዌር ነበር። ይህ ግን ክርክሩን አያፈርሰውም። ክፍት መሆን ያለበት የፊደሉ ቁጥር እንጂ እያንዳንዱ ፕሮግራም አይደለም። ቁጥሩ የጋራ ሲሆን የግሉም ይጠቀማል፤ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው «ኒያላ» ፎንት የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ገበያ ብቻውን የማይደርስበት ቦታ ግን አለ። የወላይታ እህት ቋንቋዎች የሆኑት ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ለድምፃቸው የተበጁት ተጨማሪ ፊደላት በ2010 በዩኒኮድ 6.0 ገብተዋል። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ወደ ላቲን ከተሻገረ ቆይቶ ነበር፤ ለእነዚህ ፊደላት ፎንት ሠርቶ የሚያተርፍ ድርጅት ማሰብ ያስቸግራል። ቀደም ሲል በፊደሉ የታተሙ ጽሑፎች ግን በኮምፒዩተር ዳግም ሊጻፉ የሚችሉት ቁጥሩ ስላለ ነው።