እግር ባይሠራ እጅ ይነዳል

ብዙዎቻችን መኪና ያለ እግር አይነዳም እንላለን። ታሪክ ግን ሌላ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1655 በጀርመን፣ እግሮቻቸው የማይሠሩላቸው ሰዓት ሠሪው ሽቴፋን ፋርፍለር በእጅ እየተዘወረ የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ለራሳቸው ሠሩ።

አሜሪካዊው ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በ1921 በያዛቸው በሽታ መራመድ ተሳናቸው። ሐኪሞች ፖሊዮ ነው አሉ። ሆኖም በ1933 ፕሬዚዳንት ሆኑ። ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና ነዳጅ መስጫው በእጅ እንዲሠሩ የተደረገ ፎርድ መኪናም ራሳቸው ይነዱ ነበር። የሰውየው እግር አልዳነም፤ የተለወጠው መኪናው ነው።

እኛስ መምህራን? በየክፍላችን በር ላይ ደረጃ አለ። ክራንች የያዘ ተማሪ ሲቀር “አይችልም” ከማለታችን በፊት እስቲ ደረጃውን እንይ። መፍትሔውንም አስቀድመን ተማሪውን እንጠይቀው።