አንዱ ክንድ ከሌላው ሲወፍር፦ ክብደት የሚያነሱ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ

ክብደት ማንሳት የጀመረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ በመስታወት ፊት ሲቆም አንዱ ክንዱ ከሌላው ወፍሮ ሊያገኘው ይችላል። ሁለቱም እጆች እኩል ብረት እያነሱ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሊያሳስብስ ይገባል?

መልሱ ልዩነቱ በመጣበት መንገድ ይወሰናል። ቀስ በቀስ የታየ፣ ሕመምም ሆነ ድካም የሌለው መጠነኛ ልዩነት የተለመደ ነው። ቀድሞ የነበረ ጡንቻ መክሳት ከጀመረ ወይም ክንድ በድንገት ካበጠ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

የልዩነቱ መንስኤዎች

የሰው አካል ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው፣ ዕቃ የሚያነሳውና በር የሚከፍተው በቀኝ እጁ ነው። የዓመታት ልማድ ጡንቻን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም ይለውጣል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቴኒስ የተጫወቱ ሰዎች ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላው ወፍሮ ተገኝቷል። በአውሮፓውያኑ 1962 እና 1969 አራቱንም የግራንድ ስላም ውድድሮች ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ግራኝ ሮድ ሌቨር በግራ ክንዱ ግዝፈት ይታወቅ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት አነሳስ ነው። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙ ብረት፣ ማለትም ባርቤል፣ ድክመትን ይሸፍናል። ጠንካራው ክንድ የደካማውን ድርሻ ሲሸከም ብረቱ በመጠኑ ያዘነብላል፤ አንሺው ግን ላያስተውለው ይችላል።

ሦስተኛው የቀድሞ ጉዳት ነው። ተሰብሮ ለሳምንታት በጀሶ የታሰረ ክንድ ይከሳል። የታመመ ትከሻም ሰው ሳያውቀው ሸክሙን ወደ ጤነኛው ጎን እንዲያዞር ያደርጋል።

እንዴት ይለካል?

መስታወትና ብርሃን ያታልላሉ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል። በትከሻ ጫፍና በክርን መካከል ያለውን እኩሌታ ምልክት ያድርጉና ሁለቱንም ክንዶች በዚያው ቦታ ይለኩ። ልኬቱ ከስፖርት በፊት ይሁን፤ ከስፖርት በኋላ ጡንቻ በደም ስለሚሞላ ለጊዜው ይወፍራል። በወር አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ለእያንዳንዱ እጅ የተለየ ብረት፣ ማለትም ዳምቤል፣ መጠቀም ዋናው መፍትሔ ነው። በደካማው ክንድ ይጀምሩ፤ የብረቱን ክብደትም የድግግሞሹን ቁጥርም እርሱ ይወስን። ደካማው ክንድ 8 ጊዜ ካነሳ፣ ጠንካራው 12 ጊዜ ማንሳት ቢችልም 8 ላይ ይቁም። ከዚህ በኋላ ለደካማው አንድ ተጨማሪ ዙር መስጠት ይቻላል።

ጠንካራውን ክንድ ፈጽሞ ማሳረፍ ግን አይመከርም። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ 1894 ባወጡት ጥናት፣ አንድ እጅ ብቻ ሲለማመድ ያልተለማመደውም እጅ ጉልበት እንደሚጨምር አሳይተዋል። ይህ የሚሆነው ጉልበት ከጡንቻ መጠን በተጨማሪ አንጎልና ነርቮች ጡንቻን በሚያዙበት ብቃት ላይም ስለሚመሠረት ነው። በዚህ ምክንያት አንድ እጁ በጀሶ የታሰረ ሰው፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ በጤነኛው እጅ መለማመዱ የታሰረው እጅ የሚያጣውን ጉልበት ሊቀንስለት ይችላል።

ለውጡ ወራትን ይጠይቃል። ፍጹም እኩልነት ላይገኝ ይችላል፤ አስፈላጊም አይደለም።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ያለ ምክንያት የሚከሳ ጡንቻ፣ ዕቃ የሚጥል እጅ፣ የጣቶች መደንዘዝ ወይም ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም የነርቭ መጫን ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ክብደት በመጨመር ጡንቻውን ለመመለስ መሞከር ሕክምናን ከማዘግየት ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ብረት ሲያነሱ ድንገት የመበጠስ ድምፅ ተሰምቶ የላይኛው ክንድ ጡንቻ ወደ አንድ ጎን ከተሰበሰበ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መታየት ያስፈልጋል።

አንድ ክንድ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ አብጦ ከከበደና ቀለሙ ከተለወጠ ደግሞ ጡንቻ ዳበረ ብሎ መደሰት አይገባም። ጡንቻ በዚህ ፍጥነት አያድግም። ክብደት በሚያነሱ ወጣቶችም ላይ የሚያጋጥም፣ በትከሻ አካባቢ ባለ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የአንድ ክንድ ድንገተኛ መዛል ከፊት መጣመም ወይም ከንግግር መንተባተብ ጋር ከመጣ የስትሮክ ምልክት ነው፤ ባሉበት አገር የድንገተኛ ሕክምና ቁጥር ወዲያውኑ ይደውሉ።