የዳዴ ባዮች ዕርቅ፤ በሕፃናትና በቴሌቪዥን መካከል ስለ ነበረ አንድ የተሻረ ደንብ

ሕፃናት በቴሌቪዥን ፊት ስለሚቆዩበት ጊዜ ልክ በዘመናችን ብዙ ምክር ይሰጣል። ምክሩ የሚሰጠው ለወላጅ፣ ይልቁንም ለእናት ነው። ነገሩ ግን ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ፣ ገደቡ በመጀመሪያ ተጥሎ የነበረው በአሰራጩ ላይ መሆኑንና ከእርሱ ተነሥቶ ወደ ቤተ ሰብ የተሻገረው በምን ምክንያት እንደ ሆነ በእንግሊዝ አገር ምሳሌ ማስረዳት ነው። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር የዘመኑ ቍጥር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በ1946 ሥራውን እንደ ገና ከጀመረ በኋላ፣ በየምሽቱ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ድረስ ምንም ነገር እንዳይተላለፍ የሚያደርግ ሥርዓት ጸንቶ ነበር። የልጆች ዝግጅት 12 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ የአዋቂዎች ዝግጅት 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ በመካከሉ መስኮቱ ባዶ ነው። የታሰበውም በዚህ ሰዓት ውስጥ ወላጆች ትንንሾቹን ልጆች ያለ ክርክር እንዲያስተኙ፣ ታላላቆቹም የትምህርት ቤት ሥራቸውን እንዲሠሩ ነበር። ሕዝቡ ለዚህ ሰዓት ያወጣለት ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የዳዴ ባዮች ዕርቅ» እንደ ማለት ነው። ዕርቁም፣ አልተኛም በሚል ልጅና ደክሟት በምትጠብቀው እናት መካከል መሆኑ ነው። ይህ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የቀኑ መዝጊያና የሌሊቱ መክፈቻ ስለ ሆነ የደንቡ ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል።

ሆኖም ቢ.ቢ.ሲ. ይህን ያደረገው ለሕፃናት በማዘን ብቻ ነው ማለት የዋህነት ነው። የድርጅቱ ገቢ የሚመጣው ሕዝቡ በየዓመቱ ከሚከፍለው የፈቃድ ገንዘብ ነበር፤ ስለዚህ በስርጭቱ ላይ አንድ ሰዓት ቢጨምር ወጪው ይጨምራል እንጂ ገቢው አይጨምርም። ለልጆች የሚበጀው ነገርና ለገንዘብ ያዡ የሚበጀው ነገር በአንድ ሰዓት ላይ ተገናኙ፤ ደንቡም የኖረው ሁለቱ ተስማምተው እስከ ቆዩ ድረስ ነው።

ስምምነቱ የፈረሰው በሴፕቴምበር 1955 በማስታወቂያ ገንዘብ የሚተዳደረው የንግድ ቴሌቪዥን በተከፈተ ጊዜ ነው። ለዚህ ድርጅት ባዶው ሰዓት ዕረፍት ሳይሆን ኪሳራ ነበር፤ ሰዎች ከሥራ ተመልሰው ቤታቸው በሚገቡበት ሰዓት ሊሸጥ የሚችል ማስታወቂያ ሳይሸጥ ይቀራል። አቤቱታው የቀረበለት የስርጭት ሰዓትን የመወሰን ሥልጣን የነበረው የፖስታ ሚኒስትር ቻርልስ ሂል ነበር። ሂል በሙያው ሐኪም ሲሆን፣ በጦርነቱ ዘመን በራዲዮ ስለ ጤና በሚሰጠው ምክር «የራዲዮው ሐኪም» ተብሎ የታወቀ ሰው ነው። ሐኪሙ ሚኒስትር ደንቡን ከንቱ ነው አለ፤ ልጆችን በጊዜያቸው ማስተኛት የወላጆች ኀላፊነት እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም የሚል ነበር ክርክሩ። ቢ.ቢ.ሲ. ለመሻሩ እምብዛም አልቸኰለም፤ ነገር ግን ደንቡ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1957 ቀረ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ ቢ.ቢ.ሲ. ባዶውን ሰዓት ለወጣቶች በተዘጋጀ የዘመናዊ ሙዚቃ ዝግጅት ሞላው።

በእኔ ግምት የነገሩ ሁሉ መዞሪያ የሂል ክርክር ነው። ከዚያ ወዲህ የተነገረው ሁሉ፣ ተናጋሪው ቢለወጥም፣ የተነገረው በዚያው ቋንቋ ነው።

የዚያ ዘመን ሊቃውንት ስለ ጨቅላ ሕፃናት ብዙም እንዳልተጨነቁ ማስታወስ ይገባል። ሂልደ ሂመልዋይትና ጓደኞቿ በ1958 ያሳተሙት ትልቅ ጥናት በዋናው የሚመለከተው ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑትን ልጆች ነው። ለትንንሾቹ ቢ.ቢ.ሲ. ከ1953 ጀምሮ «ከእናት ጋር ተመልከት» በሚል ስም አጫጭር የአሻንጉሊት ዝግጅቶችን ያቀርብ ነበር። ስሙ ራሱ ምስክር ነው፤ መስኮቱ ሞግዚት ይሆናል ለሚለው ፍርሃት የተሰጠ መልስ ነበርና፣ እናት አጠገብ መኖሯን እንደ ግዴታ ይቈጥራል።

አርባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ይህ ግዴታ ተረሳ። በ1997 ቢ.ቢ.ሲ. አንድ ዓመትና ሁለት ዓመት ለሆናቸው ሕፃናት የታሰበውን «ቴሌታቢስ» ጀመረ፤ በዚያው ዘመን በአሜሪካ ለጨቅላዎች የተዘጋጁ የቪዲዮ ካሴቶች ይሸጡ ጀመር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1999 ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቴሌቪዥን እንዳያይ መከረ። በዚያ አገር ሕገ መንግሥቱ የንግግርን ነጻነት አጥብቆ ስለሚጠብቅ፣ አሰራጩን መከልከል አስቸጋሪ፣ እናትን መምከር ግን ቀላል ነው። የፈረንሳይ የስርጭት ተቈጣጣሪ ምክር ቤት በጁላይ 2008 ወደ አሮጌው መንገድ ለመመለስ ሞከረ፤ የፈረንሳይ ጣቢያዎች ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ዝግጅት እንዳያቀርቡ ከለከለ። ለጨቅላዎች ብቻ የቆሙት ጣቢያዎች ግን ፈቃዳቸው ከሌላ የአውሮፓ አገር የተገኘ ስለ ነበረ ሊዘጋቸው አልቻለም፤ ለወላጆች የማስጠንቀቂያ ቃል እንዲታይ ከማዘዝ በቀር። ክልከላው ድንበር ላይ ሲደርስ ተመልሶ ምክር ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 አንድ ዓመት ላልሞላቸውና ለአንድ ዓመት ልጆች ፈጽሞ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ሲመክር፣ ማስረጃው እጅግ ደካማ መሆኑን ራሱ መዝግቧል።

ማስረጃው ጠንከር የሚለው በሌላ በኩል ነው። በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ ዘጠኝ ወር የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን እንዲሰሙ አደረጉ። አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያጫውታቸው ሰው የነበራቸው ለዩ፤ እነዚያኑ ሰዎች በቴሌቪዥን ብቻ ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። ሕፃኑን የሚያስተምረው መልስ የሚሰጠው ፊት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። አካዳሚውም በ2016 ምክሩን ሲያሻሽል፣ በቪዲዮ ከሰው ጋር መነጋገርን ከክልከላው አወጣ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞች ባዶውን ሰዓት የሻሩበትና እኛ መስኮቱን የከፈትንበት ዓመት፣ አቆጣጠሩ ቢለያይም፣ በቍጥር አንድ መሆኑ ያስገርማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስርጭቱ በምሽት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለ ነበረ ገደብ የሚያወጣ አላስፈለገም፤ ጣቢያው ራሱ ይዘጋ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ልጆችን ሰላም ሲሉ ልጆቹ በየቤታቸው ከፍ ባለ ድምፅ ይመልሱ እንደ ነበር ያደጉበት ሁሉ ያስታውሰዋል። የሚመልሰው ግን አፉን የፈታ ልጅ ነው። ጨቅላው በዚያ ሰዓት በእናቱ ወይም በእኅቱ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ታዝሎ እሹሩሩ ይባል ነበር፤ ይህ ሥራ የአንዲት እናት ብቻ ሳይሆን የአያት፣ የታላላቅ ልጆችና የጎረቤት ጭምር ነበር።

ዛሬ በከተማው የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሠራተኛ እናት ይህ ረዳት የላትም፤ ያላት የእጅ ስልክ ነው። ከጄኔቭ የተላከው «አንድ ሰዓት» የሚደርሳት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሳለች ነው። ዋሽንግተን የተወለደው የእኅቷ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችውን አያቱን የሚያውቃት በዚያው ዓይነት ስልክ ነው፤ አያቲቱ እሹሩሩ ትለዋለች፤ ሲስቅም አይታ ትመልስለታለች። ሰዓትን ብቻ የሚደምር ጥናት እነዚህን ሁለቱን በአንድ መዝገብ ይጽፋቸዋል። ስለ ልጅ አስተዳደግ በየቤቱ እየዞሩ መረጃ የሚሰበስቡ ተማሪዎቻችን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት መስኮቱ ተከፍቶ እንደ ሆነ ሲጠይቁ፣ በዚያው ሰዓት በቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደ ነበረና ሕፃኑን ማን ይዞት እንደ ነበረ አብረው ቢመዘግቡ መልካም ነው።