ሾት ፒኒንግ

ሾት ፒኒንግ ትንንሽ ድቡልቡል የብረት፣ የመስታወት ወይም የሴራሚክ ፍሬዎችን በከፍተኛ ፍጥነት በብረት ዕቃ ገጽ ላይ በመርጨት ዕቃው በድካም ቶሎ እንዳይሰበር የማድረግ ዘዴ ነው። የመኪና ሞላና ባሌስትራ፣ የጊር ጥርሶች፣ የአውሮፕላን ማረፊያ እግሮችና የጄት ሞተር ምላጮች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። አሸዋ ረጭቶ ዝገት ከማስለቀቅ ጋር ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው፤ አሸዋው ገጹን ይፍቃል፣ ፍሬዎቹ ግን ይቀጠቅጡታል።

የብረት ድካም

አንድ ብረት ለአንድ ጊዜ በቀላሉ የሚሸከመው ጭነት ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ሊሰብረው ይችላል። ይህ የብረት ድካም ይባላል። አደገኛነቱ ቀድሞ የሚታይ ምልክት ብዙ ጊዜ ስለማይሰጥ ነው፤ ዕቃው ሳይጎብጥና ሳይለጠጥ በድንገት ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የፊተኛው ሎኮሞቲቭ አክስሉ ተሰብሮ ከሐዲዱ ወጣ፤ እሳትም ተነሣ። የፉርጎዎቹ በሮች ተቆልፈው ስለነበር ከ50 ያላነሱ ሰዎች አለቁ። ከእነርሱም አንዱ አሳሹ ዱሞን ዲዩርቪል ነበር። በኋላም ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር የባቡር አክስሎችን ደጋግሞ በመጫን፣ ስብራቱ የሚወሰነው በጭነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በድግግሞሹም ጭምር መሆኑን በሙከራ አሳየ።

ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከገጹ ነው። ዕቃ ሲታጠፍ ወይም ሲጠመዘዝ ከፍተኛው ውጥረት የሚያርፈው እዚያ ሲሆን፣ የመሣሪያ ጭረትና የዝገት ጉድጓድም የሚገኘው እዚያው ነው። ደግሞም ስንጥቅ የሚያድገው ብረቱ ሲሳብ ነው፤ ሲጨመቅ አፉ ይገጥማል።

አሠራሩ

እያንዳንዱ ፍሬ የመዶሻ ጫፍ ያህል ሆኖ በገጹ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። የተመታው ስስ ንጣፍ ወደ ጎን መስፋት ይፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ያልተነካ ብረት ግን ይይዘዋል። ስለዚህ ንጣፉ እንደተጨመቀ ይቀራል። ይህ ቀሪ ጭምቀት፣ ዕቃው በሥራ ላይ ሲሳብ ከሚመጣበት ውጥረት ላይ ይቀነስለታል። የንጣፉ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ እጅ አያልፍም። ዕቃውን ሳያወፍሩ ዕድሜውን በብዙ እጥፍ የሚያረዝመው ይህች ስስ ንጣፍ ናት።

በባሌስትራ ላይ አንድ ብልሃት ይጨመራል፦ ቅጠሉ ታጥፎ እንደተያዘ፣ ጭነት ሲመጣ የሚለጠጠው ወገን ይመታል። ሲለቀቅ ገጹ ይበልጥ ተጨምቆ ይቀራል።

የምት ኃይሉ በዓይን አይለካም። የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ የነበረው ጆን አልመን የፈጠረው መለኪያ እስካሁን ያገለግላል። 76 ሚሊሜትር ርዝመትና 19 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሞላ ብረት ቁራጭ በአራት ብሎን ታስሮ በአንድ ወገኑ ብቻ ይመታል። ሲፈታ የተመታው ወገን ጉብ ይላል፤ የጉብታው ከፍታ የምቱን ኃይል ይናገራል። የሚመታበት ጊዜ በእጥፍ ሲጨምር ከፍታው ከ10 በመቶ በላይ የማይጨምርበት ነጥብ እንደ መለኪያ ይወሰዳል።

ተመሳሳይ ዘዴዎች

የሞተር ክራንክሻፍት ማዕዘኖች በጠንካራ ሮለር ተጨምቀው ይዳመጣሉ፤ የአውሮፕላን ብሎን ቀዳዳዎች ደግሞ ከቀዳዳው የሚወፍር ዘንግ በኃይል ተስቦባቸው ዙሪያቸው ይጨመቃል። በሌዘር የሚሠራው ዘዴ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ጠልቆ ሊገባ ይችላል፤ ዋጋው ግን ውድ ስለሆነ በአብዛኛው እንደ ጄት ሞተር ምላጭ ላሉ ዕቃዎች ይቀመጣል።

ገደቦቹ

ከመጠን ያለፈ ምት ራሱ ገጹን ይሰነጥቃል። የተሰባበሩ ሹል ፍሬዎችም ይቆርጡታል፤ በዚህ ምክንያት በየጊዜው ተጣርተው ይወጣሉ። ሳይመታ የታለፈ ቦታ ካለ ደግሞ ስንጥቁ ከዚያ ሊነሣ ይችላል። በገጹ ላይ ያልሆነ፣ በውስጥ ያለ የቀረጻ ጉድለት በዚህ ዘዴ አይድንም።

ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነው። ብረቱ ብዙ ሲሞቅ የተጨመቀው ንጣፍ ይላላል። የተሰበረ ባሌስትራ በብየዳ ሲጠገን በብየዳው አካባቢ የነበረው ጭምቀት ይጠፋል፣ የብረቱ ጥንካሬም ይለወጣል፤ ቅጠሉ ከውጭ ሲታይ ደህና ቢመስልም ከዚያው አጠገብ እንደገና ሊሰበር ይችላል። ገጹን በመፍጨት ማስተካከልም ንጣፉን ጠርጎ ያወጣዋል።