ስለ ዛፍ እባጭና ሠሪው ስለ ታወቀበት ታሪክ

በኤውሮጳ፤ በሶርያና በታናሽ እስያ ተራሮች እንግሊዞች ኦክ፤ ዐረቦች በሉጥ የሚሉት ጠንካራ ዛፍ ይበቅላል። አብርሃም ድንኳኑን በአጠገቡ የተከለበት የመምሬ ዛፍ ከዚህ ወገን እንደ ሆነ ብዙዎች ተርጓሚዎች ይናገራሉ። በኢትዮጵያ ዱር ግን ይህ ዛፍ በራሱ አይበቅልም። ኦክ የራሱ ፍሬ አለው፤ ነገር ግን በቅርንጫፉ፤ በቅጠሉ፤ በአበባው፤ በሥሩም ጭምር ፍሬ የሚመስል፤ ፍሬ ግን ያልሆነ ነገር ይወጣበታል። አንዱ እንደ ጠጠር ክብና ደረቅ ነው፤ አንዱ እንደ ሰፍነግ የላላ ነው፤ አንዱም በቅጠሉ ጀርባ እንደ ምስር ተለጥፎ ይታያል። ይህ የዛፍ እባጭ ይባላል። በጊዜው የሰበሩት እንደ ሆነ በውስጡ አንዲት ነጭ ትል፤ ወይም ክንፍ ያወጣች ታናሽ ተርብ ተኝታ ትገኛለች።

እንግዲህ እባጩ ዙሪያውን ድፍን ከሆነ፤ ይህች ተርብ በየት በር ገባች? ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል አስቸግሯል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር የነበረው ቴዎፍራስጦስ ስለ ዕፅዋት በጻፈው መጽሐፍ፤ ኦክ ከፍሬው በቀር የሚያወጣቸውን የእባጭ ዓይነቶች አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ዐይኑ የተሳለ ሰው ነበር፤ ሆኖም ሁሉንም ዛፉ ከራሱ ባሕርይ የሚያስገኛቸው አድርጎ ቈጠራቸው። በ79 ዓመተ ምሕረት ያረፈው ሮማዊው ፕሊንዮስም ስለ እባጭ ጽፏል። እርሱ ግን ከአመጣጡ ይልቅ ጥቅሙን ያውቅ ነበር፤ በእባጭ ውሃ የተነከረ ፓፒሩስ የብረት ጨው የተቀላቀለበት መድኃኒት ሲነካው እንደሚጠቍር፤ በዚህም የሐሰተኛ ነጋዴ ተንኰል እንደሚገለጥ ተናግሯል።

ሊቁ ከየት መጣ እያለ ሲከራከር፤ ነጋዴው ግን አስቀድሞ በሥራው ብዙ ነገር ዐውቆ ነበር ማለት ይቻላል። በሶርያ ከሐለብ ከተማ ወደ ኤውሮጳ የሚላከው እባጭ በሁለት ይለይ ነበር። ያልተበሳው፤ መልኩ ወደ ጥቍርና ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፤ በውድ ይሸጣል፤ የተበሳውና የነጣው በርካሽ ይሸጣል። ምክንያቱም ተርቧ በስታ ከመውጣቷ በፊት የተለቀመው እባጭ ታኒን የሚባለው ቆዳ የሚያለፋ ነገር ይበዛበታል፤ በመልካሙ ዓይነት ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ታኒን ነው። ነጋዴው የታኒንን ስም ባያውቅም ቀዳዳዋን ማየት ያውቅ ነበር።

የዚህ እባጭ ዋና ሥራው ቀለም ነው። እባጩን ወቅጠው በውሃ ይዘፈዝፉታል፤ ቪትሪዮል የሚባለውን አረንጓዴ የብረት ጨው ይጨምሩበታል፤ እንዲያያዝም የግራር ሙጫ ያክሉበታል። ሲጽፉበት መጀመሪያ ፈዘዝ ይላል፤ ነፋስ ሲያገኘው ግን ይጠቍራል፤ ወደ ብራናውም ዘልቆ ስለሚገባ በውሃ አይታጠብም። በ4ኛው መቶ ዓመት ተጽፎ በደብረ ሲና ገዳም የቈየው ታላቁ የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ዓይነት ቀለም ተጽፏል። የኤውሮጳ ነገሥታት ውልና የገዳማት መዝገብም ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ አብዛኛው የተጻፈው በዚሁ ነው። ዳሩ ግን ቀለሙ አሲድ አለበት፤ ከጊዜ በኋላ የጻፉበትን ገጽ ይበላል። በ1750 ያረፈው የጀርመን የዜማ ሊቅ ዮሐን ሰባስቲያን ባሕ በእጁ ከጻፋቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ ፊደሉ ባለበት ስፍራ ተቦርቡረው ተገኝተዋል። የኢትዮጵያ ጸሐፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል የሚሠራ ነው፤ ይህ ከብራናው በላይ ይቀመጣል እንጂ ብራናውን አይበላም። ውሃ ቢነካው ይጐዳል፤ በደረቅ ስፍራ ግን ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን የተበላውን ወረቀት ያየ ሰው ይፍረድ።

ወደ ተርቧ ነገር እንመለስ። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኢጣልያዊው ሐኪም ማቲዮሊ የሕዝቡን ልማድ ተከትሎ፤ እባጭ ተሰብሮ በውስጡ በሚገኘው ነፍሳት የሚመጣው ዓመት እንደሚታወቅ ጻፈ። ዝንብ፤ ትል፤ ሸረሪት የጦርነት፤ የረኃብና የቸነፈር ምልክቶች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ብራውን በ1646 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር ሕዝቡ ከሚያምናቸው ስሕተቶች መካከል አገባው። በእውነትም የመስከረም እባጭና የኅዳር እባጭ ልዩ ልዩ ነገር ቢገኝባቸው፤ ትሉ አድጎ ተርብ ስለ ሆነ እንጂ ረኃቡ ወደ ጦርነት ስለ ተለወጠ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰው ታሪኩ የሚያስደንቅ ነው። በፊሬንዜ የመስፍኑ ሐኪም የነበረው ፍራንቼስኮ ሬዲ በ1668 ስለ ነፍሳት ልደት መጽሐፍ አወጣ። በዘመኑ ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ይባል ነበር። ሬዲ ሥጋ በማሰሮ አድርጎ አንዱን ክፍት ተወው፤ አንዱን ሸፈነው። ዝንብ የገባበት ተላ፤ የተሸፈነው ግን ቢበሰብስም አልተላም። በዚህ ዝንብ ከዝንብ እንጂ ከሥጋ እንደማይወለድ አስረዳ። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ኦክ እባጭ ሲደርስ ግን ተሰናከለ። እባጩን ከፍቶ አየ፤ መግቢያ ቀዳዳ አላገኘም። ስለዚህ አበባንና ፍሬን የምታስገኝ የዛፉ ሕያው ነፍስ ተርቧንም ታስገኛለች ብሎ ደመደመ። በማሰሮው የካደውን በዛፍ ላይ አመነ። ይሁን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም፤ የበሰበሰ ሥጋ ሕይወት የለውም፤ ዛፍ ግን ሕይወት አለው፤ ሕያው ነገር ሕያው ነገርን ያስገኛል ማለት ለእርሱ ከመርሑ መውጣት አልነበረም። የጐደለው ቀዳዳዋ የምትከፈትበትን ቀን መጠበቅ ብቻ ነው።

ያን ቀን የጠበቀው የቦሎኛው ሐኪም ማርቼሎ ማልፒጊ ነው። የለንደን የሊቃውንት ማኅበር በ1679 ባሳተመለት በዕፅዋት አካል መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ስለ እባጭ ብቻ የሚናገር ምዕራፍ አለ። ማልፒጊ የአደገውን እባጭ ሳይሆን ገና ያልፈነዳውን እንቡጥ ተመለከተ። በዚያም ታናሽቱ ተርብ በሆዷ ጫፍ ያለውን ቀጭን መርፌ እንቡጡ ውስጥ ሰክታ ዕንቍላሏን ስትጥል በዐይኑ አየ፤ መርፌውንም በአጉሊ መነጽር መርምሮ ሥዕሉን ሣለ። ስለዚህ በር ፈልገው ያጡት በሩ ከመዘጋቱ በኋላ ስለ ደረሱ ነው፤ ተርቧ ወደ እባጭ አልገባችም፤ እባጩ በልጇ ዙሪያ አደገ እንጂ። ማልፒጊ በ1691 ወደ ሮም ተጠርቶ የሊቀ ጳጳሱ የኢኖኬንቲዮስ 12ኛ ሐኪም ሆነ፤ በዚያም በ1694 ዐረፈ።

ማልፒጊ እባጩን የሚያስነሣው ተርቧ ከዕንቍላሉ ጋር የምታፈስሰው ፈሳሽ ነው ብሎ ነበር። በአኻያ ቅጠል ላይ እባጭ ለሚያስነሡት ለሌላ ወገን ነፍሳት ነገሩ እንዲሁ ነው። በኦክ ላይ ግን እባጩ ማደግ የሚጀምረው ትሉ ከዕንቍላሉ ሲወጣ ነው። ትሉ በምን ኀይል ዛፉን አዝዞ ቤትና ምግብ እንደሚያሠራው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይመረምራሉ።

ሌላው እንቈቅልሽ የተፈታው በ1881 ነው። በጀርመን አገር በሽሌስዊግ ከተማ ሐኪም የነበረው ሄርማን አድለር ታናናሽ የኦክ ችግኞችን በሸክላ ተክሎ ተርቦቹን በላያቸው እየለቀቀ ጠበቀ። ያገኘውም ይህ ነው፤ ብዙዎቹ የኦክ ተርቦች ልጅ እናቱን አይመስልም፤ የልጅ ልጅ ግን አያቱን ይመስላል። የኦክ ፖም የምትባለው ሰፍነግ የመሰለች እባጭ በግንቦት በእንቡጥ ላይ ታድጋለች፤ ወንዶችና ሴቶች ተርቦችም ይወጡባታል። ሴቶቹ ወደ መሬት ወርደው በዛፉ ሥር ላይ ዕንቍላል ይጥላሉ፤ በዚያም ሌላ ዓይነት እባጭ ይበቅላል። ከዚያ የሚወጡት ሁሉ ክንፍ የሌላቸው ሴቶች ናቸው፤ በክረምት ብርድ ግንዱን እየወጡ ያለ ወንድ በእንቡጡ ላይ ይወልዳሉ። ከዚህ በፊት ሊቃውንቱ እናትና ልጅን እንደ ሁለት ነገድ ቈጥረው ልዩ ልዩ ስም አውጥተውላቸው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ እባጭ የሚለይ ሰው አስቀድሞ ዛፉን ያውቃል፤ የኦክም ዓይነቱ ብዙ ነውና ከየትኛው እንደ ሆነ ይጠይቃል። ቀጥሎ የበቀለበትን አካል፤ ወራቱን፤ ውስጡ አንድ ጓዳ ወይም ብዙ ጓዳ መሆኑን ያያል። ከእባጩ በወጣው ነፍሳት ብቻ ግን አይፈርድም። በሌላው ቤት የሚቀመጡ ጥገኞች ተርቦች አሉና፤ የቤቱንም ባለቤት የሚበሉ፤ ረጅም መርፌ ያላቸው አሉና፤ ከቤት የወጣው ሁሉ ቤት የሠራ አይደለም።

በደቡብ ኢትዮጵያ በቦረና ቈላ የሚበቅል አንድ የግራር ዓይነት አለ፤ እሾሁ ሥሩ ላይ እንደ ኳስ አብጦ ባዶ ይሆናል፤ ጕንዳኖችም በስተውት ይኖሩበታል። የሚያየው ሁሉ የጕንዳን እባጭ ነው ይላል። ነገር ግን ጕንዳን ባልደረሰበት ችግኝ ላይም እሾሁ እንዲሁ ያብጣል፤ ዛፉ ራሱ የሚያወጣው ነው። ቴዎፍራስጦስ ስለ ኦክ የተናገረው ስሕተት በዚህ ግራር ላይ እውነት ነው። ጕንዳኖቹ የበሱት ቀዳዳ ነፋስ ሲገባበት እንደ ዋሽንት ያፏጫል።