የአንድ ቀን ልዩነት

አያቶቻችን ስማችን ሲጠፋቸው «ጃጅተው ነው» ብለን እናልፋለን። የዌልስ ታሪክ ግን ቆም ያደርገናል።

በልጅነት ጉድፍ የሚያመጣው ቫይረስ፣ ቁስሉ ቢድንም ከሰውነታችን አይወጣም። ነርቭ ውስጥ አድፍጦ ይቆይና በስተርጅና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 ዌልስ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ስትጀምር ገደብ አበጀች፦ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 እና ከዚያ ወዲህ የተወለደ በየተራ ይከተባል፤ በአንድ ቀን የቀደመ ግን ቀረበት።

ማንም ሳያስበው ትልቅ ሙከራ ተጀመረ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ከ280,000 በላይ አረጋውያንን የሕክምና መዝገብ አገላብጠው በ2025 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡ። በሰባት ዓመት ውስጥ ክትባቱ አዲስ የመርሳት በሽታን በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ።

እኛም «እርጅና ነው» ብለን የዘጋነውን መዝገብ መልሰን መክፈት ሳይኖርብን አይቀርም።