«ፎርማት ይደረግ?» ሲልዎ እሺ አይበሉ
የአሮጌ ኮምፒውተር ዲስኮች አጭር ታሪክ



በብዙዎቻችን ቤዝመንት ወይም ጋራዥ ውስጥ ሥራ ካቆመ ሃያ ዓመት ያለፈው ኮምፒውተር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። በውስጡ የዕድሩ ቃለ ጉባኤ፣ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ ወደ አገር ቤት የተላከ ደብዳቤ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባት ያስጻፉት የዘር ሐረግ ሊኖር ይችላል። አንድ ቀን ልጅ ወይም ወዳጅ ዲስኩን አውጥቶ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል። ኮምፒውተሩም «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል። «ለካስ ባዶ ነው» ብሎ እሺ የሚል ሰው ብዙ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከመነሻው እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲስኩና መዝገቡ

የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን ያስቡ። ፋይሎቹ በመደርደሪያ ላይ ናቸው፤ የትኛው የት እንዳለ የተጻፈው ግን በሩ አጠገብ ባለው ትልቅ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ቢጠፋ ፋይሎቹ አልተቃጠሉም፤ ፈልጎ የሚያገኛቸው ግን የለም። ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። ዲስኮች እየተስፋፉ ሲሄዱ የመዝገቡ አያያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ፎርማት ማድረግ ማለትም አሮጌውን መዝገብ ሽሮ አዲስ ባዶ መዝገብ መክፈት ማለት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ደግሞ ሙሉ ፎርማት ከተደረገ ይዘቱም አብሮ ይደመሰሳል።

ፋት የተባለው መዝገብ

በ1977 ማርክ ማክዶናልድ የተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ «ፋይል አሎኬሽን ቴብል»፣ በአጭሩ «ፋት» የተባለውን ዘዴ ሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዲስኩ በቁጥር በተለዩ ክፍሎች ይከፋፈላል፣ መዝገቡም የአንድ ፋይል ቀጣይ ክፍል የትኛው እንደሆነ እየጠቆመ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያደርሳል። ቲም ፓተርሰን ይህንኑ ሐሳብ አሻሽሎ በ1980 በጻፈው ሥርዓት ላይ አዋለው። ማይክሮሶፍት ያንን ሥርዓት ገዝቶ፣ በ1981 ከአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተር ጋር «ዶስ» ተብሎ ወጣ።

በ1983 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒውተር 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበረው። በዚያን ጊዜ የሚሞላ አይመስልም ነበር። በ1984 የተሻሻለው ፋት በአንድ ክፍልፋይ ከ32 ሜጋባይት በላይ አይመዘግብም ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደቡ ወደ 2 ጊጋባይት ከፍ አለ። መዝገቡ ሊቆጥር የሚችለው 65 ሺህ ያህል ክፍሎችን ብቻ ስለነበር ዲስኩ ባደገ ቁጥር ክፍሉም ያድግ ነበር። በዚህም የተነሣ በ2 ጊጋባይት ዲስክ ላይ የአንድ መስመር ማስታወሻ 32 ኪሎባይት ቦታ ይወስድ ነበር።

የፋይል ስምም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ አይበልጥም ነበር። ረጅም ስም የተፈቀደው በ1995 በዊንዶውስ 95 ነው። ስለዚህ በአሮጌ ዲስክ ላይ ትርጉም የሌለው የሚመስል ስም ቢያዩ፣ ሳይከፍቱ አይጣሉት፤ የአባትዎ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። በ1996 «ፋት 32» መጣ። ፋትን የዛሬዎቹ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል።

ያልተግባቡት መዝገቦች

ማይክሮሶፍት በ1993 ከዊንዶውስ ኤን.ቲ. ጋር «ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ.» የተባለውን አወጣ። ይህ መዝገብ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ ስለሚጽፍ መብራት ድንገት ቢጠፋ ራሱን ማስተካከል ይችላል። በየቤቱ የተስፋፋው ግን ከ2001 ወዲህ በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው።

አፕል ደግሞ በ1985 ለማኪንቶሽ «ኤች.ኤፍ.ኤስ.» የተባለ የራሱን መዝገብ ሠራ፤ በ1998 አሻሻለው። ዊንዶውስ ሁለቱንም በራሱ አያነብም። አፕል ራሱ እንኳ የመጀመሪያውን ኤች.ኤፍ.ኤስ. ማንበብ በ2019 አቁሟል። ማኪንቶሽ በኅትመት ሥራ በጣም ይወደድ ስለነበር፣ የድሮ መጽሔትና ጋዜጣ የተዘጋጀባቸው ዲስኮች ከዚህ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። «ፎርማት ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዲስክ ከዊንዶውስ ጋር ሲገናኝ ነው። ዲስኩ አልተበላሸም፤ አንባቢው ቋንቋውን አያውቅም እንጂ።

የእኛ ፊደል ጉዳይ

ፋይሉ ቢከፈት እንኳ ለአማርኛ አንድ ችግር ይቀራል። ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ሳንጨምር ማለት ነው። የዚያ ዘመን ፎንት ግን ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ሁሉም ለአማርኛ ክፍት አልነበረም። እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ አደላደለ። የጋራ ቁጥር የተሰጠን ዩኒኮድ በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ነው። ስለዚህ የድሮው ጽሑፍ ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ጽሑፉን ሲገለብጡ ፎንቱንም አብረው ይገልብጡ።

ምን እናድርግ?

ዲስኩን ሲያገናኙ ለፎርማት ጥያቄ «አይሆንም» ይበሉ። በዲስኩ ላይ ምንም አይጻፉበት። የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በቅድሚያ ያስወጡና ፍለጋውን በግልባጩ ላይ ያድርጉ። የማኪንቶሽ ዲስክ ከሆነ ያንን መዝገብ የሚያነብ ፕሮግራም ወይም የሚሠራ አሮጌ ማክ ይፈልጉ። ዲስኩ እንግዳ ድምፅ ካሰማ ወዲያው ያጥፉትና ለባለሙያ ይስጡት።

ዲስክ እንደ ሰው ያረጃል፤ ቆሞም ቢቀመጥ ይደክማል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቤዝመንት ያለውን ዛሬውኑ ያውጡት።